የሁዳዴው ሲቲ ስካን

አባቴን ይዤ ምርመራ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ በዚያ ዓመት ያስታመምኋቸው አራተኛ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የአክስቴ ባል በኩላሊት፣ የታናሽ ወንድሜ ሚስት በወሊድ፣ ዝምድናዋን እስከ ዛሬ በትክክል ያላወቅሁት አንዲት ሴትዮ ደግሞ በዓይኗ ምክንያት መጥተው ቤቴ ከርመዋል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደመወዝተኛ መሆን ማለት ይሄ ነው። ገጠር ያለው ዘመድ ሁሉ ሲታመም የሚያውቀው አንድ ቤት አለ፣ እሱም የእኔ ነበር። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኞች ሲያዩኝ "የዛሬውስ ማነው?" ይሉኛል። እስቅላቸዋለሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የጀመርሁትን ስሌት ሳልጨርስ ጠመኔውን እንደያዝሁ የት እንደደረስሁ ይጠፋብኛል።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከይጁቤ ወዲያ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ገባ ብላ በምትገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከዲቁናቸው ጀምረው ያገለገሉ። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ሁለቱ ወንድሞቼ ግን አጠገባቸው ያርሳሉ። ሕመማቸው የጀመረው "ሆዴን ነፋኝ" በማለት ነው። ቀጥሎ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ጠገብሁ ማለት መጣ። ቀሚሳቸው በላያቸው እየሰፋ ሄደ። ወንድሞቼ ሁለት ሱባኤ ጠበል ካስጠመቋቸው በኋላ፣ እንደ ወጉ፣ ወደ እኔ ላኳቸው።

ሐኪሙ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። በአፍ በሚገባ ቱቦ ጨጓራቸውን ሲያይ ግድግዳው ላይ ያበጠ ነገር አገኘ። ከላይ ያለው ሽፋን ግን ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ቆንጥሮ የላከውም ናሙና ምንም ሳያሳይ ተመለሰ።

"ዕጢው ከሽፋኑ ሥር ነው ያለው" አለኝና የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጦ ጨጓራ ሣለልኝ። የባቄላ ፍሬ ይመስላል። "ዕጢ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ዓይነት ግድግዳው ውስጥ እንደ ዘይት ይሰርጋል፤ ጨጓራውን በሙሉ አወፍሮ ያደርቀዋል። እሱ ከሆነ፣ በእሳቸው ዕድሜና አቅም፣ ብዙ የምናደርገው የለም። የንፍፊት ካንሰር የሚባልም አለ፤ እሱ ለመድኃኒት ይሸነፋል። ሌላው ደግሞ ከጡንቻው ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚያድግ ነው፤ እንደ ድንች ተንጠልጥሎ ይበቅላል። እሱን ቆርጠን ካወጣነው ሰውየው በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።"

"የእሳቸው የትኛው ነው?"

"ሲቲ ስካን ይነሡና እንየው" አለ።

ሲቲ ስካኑ ያለው በአንድ የግል ምርመራ ቤት ነበር። ማሽኑን የሚያሠራው ባለሙያ ከሌላ ከተማ እየተመላለሰ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚመጣው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። ስመዘገብ፣ በሽተኛው ሳይበላ መምጣት እንዳለበትና ሊነሣ ሲል አንድ ጆግ ሙሉ ውሃ እንደሚጠጣ ነገረኝ። "ሆዳቸው እንዲነፋ ነው" አለ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። አባቴ በሁዳዴ፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር፣ ቅዳሴ ወጥቶ አሥራ አንድ ሰዓት ሳያልፍ ጉሮሯቸውን በውሃ አርሰው አያውቁም። ታመው አጥንታቸው ወጥቶ እንኳ አልተዉም። ስለ ውሃው ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ለታመመ ጾም የለበትም አባ! እርስዎ ራስዎ ስንቱን በሽተኛ ፈትተዋል?" አልኋቸው።

"ሌላውን እፈታለሁ እንጅ ራሴን እንዴት አድርጌ ነው የምፈታው? ለኔም እኮ የንስሐ አባት አለኝ።"

የንስሐ አባታቸው ከመርጡለ ማርያም ወዲያ የሚኖሩ ያረጁ መነኩሴ ናቸው። ስልክ የላቸውም። ቀጠሮው ደግሞ በማግሥቱ ነው። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻም አለቀስሁ። "በይ እሽ፣ ተይው እሽ" አሉኝ። ቶሎ እሺ ማለታቸው ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። አባቴ እሺ የሚሉት ወይ ሲስማሙ ወይ ጭቅጭቅ ሲሰለቻቸው ነው።

በማግሥቱ ባለሙያው ጆጉን ሞልቶ ከብርጭቆ ጋር ሰጣቸው፤ ቀስ እያሉ እንዲጨርሱት ነገራቸው። እኔን በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ከመንገዱ ማዶ ካለው ፋርማሲ ገዝቼ እንድመጣ ላከኝ። ገዝቼ ተመልሼ የግቢው በር ላይ ስደርስ፣ አባቴ ከሕንጻው ጎን ካለ የጽድ ችግኝ ሥር ጎንበስ ብለዋል። ጆጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ውሃውን ያፈሳሉ። አይቸኩሉም። መሬቱ እስኪመጠው ይጠብቃሉ፤ ሲመጥ ደግሞ ይጨምራሉ።

ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ያኔም አውቅ ነበር። ግን ወደ ፊት ያለው ሁሉ ታየኝ። የዛሬው ምርመራ ይሰረዛል፤ ርዕሰ መምህሩን ሌላ ፈቃድ እለምናለሁ፤ ለወንድሞቼ ደውዬ አስረዳለሁ፤ አባቴን ሰው ፊት አዋርዳለሁ፤ ከዚያ ያንኑ ክርክር ከመጀመሪያው እንደገና። ከበሩ ወደ ውጭ ተመልሼ እስኪጨርሱ ቆምሁ።

ስገባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ባዶው ጆግ ከጎናቸው ነው። ባለሙያው ብቅ ብሎ "አለቀ አባታችን?" አለ።

"አለቀ" አሉ።

አባቴ ውሸት ተናግረው አያውቁም፤ ያን ቀንም፣ ቃል በቃል ከሄድን፣ አልተናገሩም። ባለሙያው ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ አስገባቸው።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱን ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየው። ግድግዳው ዙሪያውን ወፍሯል አለ። እብጠቱን ለብቻው መለየት አልተቻለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ተጨማድዷል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እስከ ዛሬ የምሰማውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ውሃውን በደንብ ጠጥተው ነበር? ባዶ ጨጓራ ሲጨማደድ እኮ ግድግዳው እንዲህ ወፍራም ይመስላል።"

አባቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬቱን ያያሉ። ቄስ አባትሽን ልጃቸው በሚሆን ሐኪም ፊት አፈሰሱት፣ አታለሉ ትያለሽ? እኔ አልቻልሁም። እሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገሩም።

"ወረቀቱ ላይ ጠጥተዋል ይላል" አልሁ።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ከክፍሉ ውጭ ጠራኝ። "እንግዲያው ያ የሚሰርገው ዓይነት ነው የሚመስለው" አለኝ። ስቃዩን የሚያስታግስ መድኃኒት ጽፎ ሰጠኝ። ቢላዋ አይጠቅማቸውም፤ ቤታቸው ሆነው ልጆቻቸውን እያዩ ቢሰነብቱ ይሻላል አለኝ።

ለአባቴ አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ልብሳቸውን ሰበሰብሁ፣ በባጃጅ መናኸሪያ አደረስኋቸው፣ ታላቅ ወንድሜ መጥቶ ወሰዳቸው። ለወንድሜ ግን በጆሮው ነገርሁት። አውቶቡሱ ሲወጣ የተሰማኝን ብናገር ታፍሩብኛላችሁ፤ ሐዘንም ነበረበት፣ ግን መጀመሪያ የመጣው እፎይታ ነበር። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ቅዳሜ፣ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ስደርስ ሁለቱ ወንድሞቼ ድንጋይ ያራግፋሉ። ደህና አደርሽ ከማለታቸው በፊት ገባኝ። መቃብር የሚሆነውን ቦታ ያሳዩአቸው ራሳቸው አባቴ ናቸው፤ ድንጋዩንም ከበልግ ዝናብ በፊት እንዲያመላልሱ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋውን ለብቻ ለይተውታል። በቅሎዋን ለታላቅ ወንድሜ፣ መጻሕፍታቸውን ለቤተ ክርስቲያኑ፣ የእናቴን የብር መስቀል ለእኔ ተናዘዋል። በተዝካራቸው በሬ እንዳይሸጥ አስጠንቅቀዋል። ቤት ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ በተርታ ተቀምጦ ይሰናበታቸው ነበር። "እግዚአብሔር ይማርዎ" ይላሉ፤ እሳቸውም "አሜን" ይላሉ። ሰው ሁሉ ተዘጋጅቶ ጨርሷል።

አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አቅፋ ሳመችኝና "አንች ምን ያላደረግሽው አለ፣ እስከ ማሽን ድረስ አሳይተሻቸው" አለችኝ። ያኔ አፈርሁ። እንዲህ ያለ እፍረት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። ከእፍረቱ ጋር ፍርሃቱ መጣ። እነዚህ ሰዎች የሚቀብሩት ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ በሚገድለው የታመመ ሰው ይሁን፣ በሚድነው የታመመ ሰው ይሁን፣ አንዳችንም አላወቅንም። ማወቅ ይቻል እንደነበር የማውቀው እኔ ነበርሁ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሐኪሙ ክፍል ተራ ሳልይዝ ገብቼ ሁሉንም ነገርሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ጠይቄዎት ነበር እኮ" አለ።

"አዎ።"

"ታዲያ ይህን አሁን ነው የሚነግሩኝ?"

የተቆጣ ሰው ድምፁን ሲያነሣ ይቀለኛል፤ እሱ ግን አላነሣም። አዲስ ማዘዣ ጻፈ። "ለሚመጣው ሐሙስ ካልሆነ ለቀጣዩ ማክሰኞ። ከዚያ ወዲያ አላቆየውም። ይጠጣሉ?"

"ይጠጣሉ" አልሁ። እንዴት እንደሚጠጡ ግን አላውቅም ነበር።

ፈቃድ ያገኘሁት ዓርብ ነበር፤ መርጡለ ማርያም ለመድረስ አንድ ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ዋልሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድሁ። መነኩሴው ጎጇቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀላቸውን ከተሳለምሁ በኋላ ጆጉን፣ ችግኙን፣ ሐኪሙን፣ የመቃብሩን ድንጋይ፣ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቅ ነበር።

"ይሄ ግትር! ስንት በሽተኛ ሲፈታ ኑሮ፣ ለራሱ ሲሆን እኔን መላክ አቃተው?" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። "ሲያፈስ አይተሽዋል?"

"አይቻለሁ።"

"ዝም አልሽ?"

"ዝም አልሁ።"

"ለምን?"

በመንገድ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። አባቴን ማክበሬን፣ ቀጠሮው እንዳያልፍ መፍራቴን፣ አንድ ሁለት የሚያማምሩ ምክንያቶች ይዤ ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

"ደክሞኝ ነበር አባ።"

ተግሣጽ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከጎጆው ውስጥ የዳቦ ቁራሽ አውጥተው አጠገቤ አስቀመጡ። "ቅዳሜ አይደል፣ ብይ" አሉኝ። ስበላ ወረቀት አስመጡ። በንጹሕ የቁም ጽሑፍ፣ አባቴ ሐኪም ባዘዘው ሰዓት ሁሉ እንዲጠጡና እንዲበሉ ፈቀዱ። ከሥር ንስሐ ጨመሩበት፦ ጾሙን እንጂ ማታለሉን አልፈታሁልህም፣ ያን የምርመራ ባለሙያ ይቅርታ ሳትጠይቅ ውሃውን እንዳትቀምስ።

አባቴ ወረቀቱን ሲያዩ የእጁን ጽሑፍ ወዲያው ለዩት። አነበቡት፣ ሳሙት፣ ወደ ኪሳቸው ከተቱት። አልተከራከሩኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ባለሙያው ጆጉን ይዞ ሲመጣ አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው ዝቅ ብለው እጅ ነሱት። "ልጀ፣ ባለፈው የሰጠኸኝን ውሃ አፍስሸብህ ነበር። አታልየሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።" የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ያያል። ሰውየው የሚገባበት ጠፋው፤ ጆጉን እንደያዘ "ይቅር ለእግዚአብሔር አባታችን፣ ኧረ ይነሡ፣ ኧረ እኔ..." እያለ እሱም ጎንበስ አለ። ከዚያ አባቴ ተቀምጠው ብርጭቆውን አማትበው ጠጡ። ስምንት ብርጭቆ ሆነ። ስድስተኛው ላይ ላብ አጠመቃቸው፤ ግን ጨረሱት።

በሁለተኛው ፊልም ላይ ጨጓራቸው ተነፍቶ ግድግዳው ስስ ሆኖ ይታያል፣ ዙሪያውን፣ ከአንድ ቦታ በቀር። እዚያ ላይ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ፣ ዳር ዳሩ የለየለት ክብ ነገር አለ። ሐኪሙ ጣቱን ዙሪያውን አዞረበት። "ይኸውልዎት፣ ከጡንቻው የሚነሣው ነው የሚመስለው" አለኝ። "ጉበቱም ንጹሕ ነው። ፋሲካን ውለው ባሕር ዳር ይሂዱ፣ ይወጣል።" የተደሰትሁ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። ለመደሰትም እኮ አቅም ይጠይቃል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ለርዕሰ መምህሩ ስለሚጻፈው የፈቃድ ደብዳቤ አሰብሁ።

ባሕር ዳር ቀዶ ጥገናው በሚሠራበት ቀን ተራቸውን ስንጠብቅ፣ ከክፍሉ ውጭ በረንዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን ነበር። አባቴ የሆስፒታሉን ቀሚስ ለብሰው ጋቢያቸውን ደርበዋል። ከገቡ ላይወጡ ይችላሉ፤ ሳልናገር እንዲገቡ አልፈለግሁም።

"አባ፣ ያን ቀን ውሃውን ሲያፈሱ አይቼ ነበር። በእኔ ዝምታ ሞትዎን ሲጠብቁ ከረሙ። ይቅር ይበሉኝ።"

ወደ እኔ አልዞሩም። "አውቃለሁ። ከበሩ ስትመለሽ ነጠላሽን አይቸዋለሁ።"

"አይተው ነው? ታዲያ ሐኪሙ ሲጠይቅ እንኳ ለምን ዝም አሉ? ያን ያህል ጾሙ ነው?"

"ጾሙስ ጾም ነው።" ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ሲያፈሱትማ ለጾሙ ነበር ወይ ብትይኝ፣ አዎ ለጾሙ ነው ያፈሰስሁት። ሐኪሙ ፊት ዝም ያልሁት ግን... እናትሽ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ከብዶኝ ነበር። አንችም በኔ ተጎሳቁለሽ አየሁሽ። እኔም ደክሞኝ ነበር ልጀ። በቃ ይሁን ብየ ነው።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ መርጡለ ማርያም ድረስ ከተንከራተትሽልኝ ወዲያ፣ በምን አፌ ነው ደከመኝ የምለው?"

ነርሷ መጥታ ጠራቻቸው። ተነሡ፣ ግንባሬን በመስቀላቸው ባርከው መስቀሉን እጄ ላይ ትተውልኝ ገቡ። ዕጢው ወጣ። አባቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ስንቱን አጠመቁ፣ ስንቱን ቀበሩ። እኔ ግን የዚያን ቀን በሩ እንደተዘጋ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስለ ዕጢው አላሰብሁም። አንድ ሐኪም ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም እያወቅን፣ ሁለታችንም ደክሞን፣ ሳንነጋገር ተስማምተን አንድ ሰው እንዲሞት ትተን ነበር። ያ ሰው አባቴ ነበሩ።